ሐዋሳ ቁጭ ብሎ የሜዲቴሽን አስተማሪ እንዴት ይመረጣል?

ሰሞኑን ስልኩን የከፈተ ሁሉ «ዓይንህን ጨፍን፣ ቀስ ብለህ ተንፍስ» የሚለው ሰው አያጣም። ቲክቶኩም ዩቲዩቡም ሞልቷል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ «የማይንድፉልነስ ሥልጠና በሆቴል አዳራሽ፣ ሰርተፍኬት አለው» የሚል ፖስተር ይዞራል፤ ማይንድፉልነስ ማለት አሁን የሚሆነውን ነገር ልብ ብሎ መከታተል ነው። ሁሉም ድምፁን ለስለስ አድርጎ ስለሚያወራ ሁሉም ጠቢብ ይመስላል። በድምፅ አትሸወዱ። ትምህርቱን ከመጀመራችሁ በፊት የአስተማሪውን ሕይወት አንብቡ። ከየት መጣ? ማን አስተማረው? በምን ይተዳደራል? ሲያጠፋስ ማን ይገስጸዋል? የታወቁት አስተማሪዎች ታሪክ በነፃ ይገኛል፤ ዋይፋይ ያለበት ካፌ አንድ ምሽት ቁጭ ማለት ይበቃል። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን የራሳችሁን ጉዳይ ለዩ። እንቅልፍ እምቢ ያለው፣ ሐዘን የሰበረውና ስለ ቡድሂዝም ማወቅ የፈለገ ሰው ሦስቱም አንድ በር ማንኳኳት የለባቸውም።

«ከሃይማኖቴ ጋር የሚጋጭ ነገር አልፈልግም፣ ጭንቀቴ ቀለል ይበልልኝ እንጂ» የምትሉ ከጆን ካባት-ዚን ጀምሩ። መነኩሴ አይደለም። በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በሞለኪውላር ባዮሎጂ ዶክትሬቱን የሠራ ሳይንቲስት ነው። በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ዛሬ ስምንት ሳምንት የሚፈጀውን የማይንድፉልነስ ኮርስ ጀመረ፤ ወደሱ የሚላኩት ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው፣ መድኃኒት ብቻውን ያልበቃቸው ሰዎች ነበሩ። ራሱ የተማረው ከቡድሂስት አስተማሪዎች ነው፣ ይህንንም አይደብቅም፤ ኮርሱ ውስጥ ግን ሐውልት የለም፣ ስግደት የለም። የታወቀው የመጀመሪያ ልምምድ በአንዲት ዘቢብ ነው። ዘቢብ ከጠፋ አንዲት የገብስ ቆሎ ትበቃለች። መዳፋችሁ ላይ አድርጓት። በመሃሏ ያለውን ስንጥቅ እዩ፣ አሽትቷት፣ ምላሳችሁ ላይ አድርጋችሁ ሳትነክሱ ቆዩ፤ ጨው ካለባት ጨዉ ሲሟሟ ይታወቃችኋል። ከዚያ አንዴ ነክሳችሁ ዝም በሉ። ቆሎ በጭብጥ በሚቃምበት አገር ይህን ማድረግ ትንሽ ያስቃል፣ ሰው ፊት አትሞክሩት።

ሐዘን ላይ ያላችሁ ደግሞ ዲፓ ማ የምትባለውን የሜዲቴሽን አስተማሪ ታሪክ ፈልጉ። በ1911 ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው አገር፣ ቺታጎንግ አካባቢ ተወለደች። ገና በልጅነቷ ተድራ ወደ በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) ሄደች። ሁለት ልጆቿ ሞቱ፣ ባሏም ተከተለ። ሐዘኑ አልጋ ላይ ጣላት፤ ሜዲቴሽን ወደሚማሩበት ቦታ የሄደችው ሌላ መላ ስላጣች ነው። በኋላ ከቀረችላት ሴት ልጇ ጋር ካልካታ ገብታ ጠባብ ቤት ውስጥ ጎረቤቶቿን ታስተምር ጀመር። «ጊዜ የለኝም» ላለች እናት የሰጠችው መልስ የትም ሄደሽ ተቀመጪ የሚል አልነበረም፤ ሕፃንሽ ሲጠባ ጡትሽ ላይ ያለውን ስሜት በሙሉ ልብሽ ተከታተዪ ነው ያለቻት። ልጅ አዝላ ወጥ የምታማስል ሴት አስተማሪ የምትመርጥ ከሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከማንም ዝነኛ መነኩሴ ይልቅ ዲፓ ማ ትሻላታለች እላለሁ።

የመንግሥት ሠራተኞችና ነጋዴዎች የራሳችሁ ሰው አለላችሁ። ኡ ባ ኪን በ1948 ነፃ የወጣችው የበርማ የመጀመሪያው ዋና የሒሳብ ሹም ነበር፣ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከሠራተኞቹ ጋር ሜዲቴሽን ይቀመጥ ነበር። (የፋይናንስ ቢሮ ኃላፊያችሁ ይህን ሲያደርግ አስቡት!) በ1955 ጎየንካ የሚባል ሀብታም ነጋዴ ማይግሬን ቢያሰቃየው እሱ ጋ ሄደ። አሥራ አራት ዓመት አጠገቡ ተማረ። በ1969 ወደ ሕንድ ሄዶ የመጀመሪያውን ኮርስ ሲሰጥ ከተማሪዎቹ መካከል ወላጆቹ ነበሩ። በሱ መንገድ የሚሰጠው የአሥር ቀን ኮርስ ክፍያ የለውም፤ ወጪው የሚሸፈነው ኮርሱን ቀድመው የጨረሱ ሰዎች በሚሰጡት መዋጮ ነው። በመሃሉ ግን ስልክ የለም፣ ወሬ የለም፣ ማንበብና መጻፍ የለም፣ በቀን ወደ አሥር ሰዓት መቀመጥ ነው። ለጀማሪ ይከብዳል። ቤታችሁ ሃያ ደቂቃ መቀመጥ ሳትለምዱ ወደዚያ አትሩጡ።

መቀመጥ ጭራሽ የማይሆንላችሁ አላችሁ። ለናንተ ቬትናማዊው የቡድሂስት መነኩሴ ቲክ ናት ሐን አለ፤ ለሐዋሳም ከሁሉም የሚስማማው እሱ ይመስለኛል። በ16 ዓመቱ ገዳም ገባ። ጦርነቱ ሲፋፋም ገዳም ተዘግቶ መጸለይ ብቻ አይበቃም ብሎ ወጣቶችን አደራጅቶ የተቃጠሉ መንደሮችን መልሶ ሠራ። በ1966 ስለ ሰላም ሊናገር ወደ አሜሪካ ሄደ፣ አገሩ መግባት ተከለከለና እስከ 2005 ድረስ አልተመለሰም። በ1967 ማርቲን ሉተር ኪንግ ለኖቤል የሰላም ሽልማት ዕጩ አድርጎታል። በ1982 ፈረንሳይ ውስጥ ፕለም ቪሌጅ የተባለውን ማኅበር መሠረተ፣ በ2022 አገሩ ቬትናም፣ በልጅነቱ በገባበት ገዳም አረፈ። የሚታወቀው በእግር ጉዞ ሜዲቴሽን ነው፤ አደራረጉ ቀላል ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ፍቅር ሐይቅ ውረዱ። ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱ። አየር ስታስገቡ ሁለት እርምጃ፣ ስታስወጡ ሦስት እርምጃ ቁጠሩ፣ ተረከዛችሁ መሬት ሲነካ ይሰማችሁ። ስፖርት የሚሠሩት በሩጫ ያልፏችኋል፣ ባጃጅ ይጮኻል፣ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ይመጣል፤ ሐሳባችሁ ተከትሎ ከሄደ ሳትበሳጩ ወደ እግራችሁ መልሱት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሌሎችም አሉ። የቡድሂስት መነኩሲቷ ቴንዚን ፓልሞ የለንደን ልጅ ነች፣ ሂማላያ ላይ ዋሻ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ኖራለች፤ ባሕታዊ ለሚያውቅ ሰው ታሪኳ እንግዳ አይሆንም። ፔማ ቾድሮን የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ ሁለት ጊዜ የተፋታችና የሁለት ልጆች እናት ነበረች፣ ከዚያ መነኮሰች። ከቅርባችን የሚገኘው ደግሞ ኡጋንዳዊው ቡድሃራኪታ ነው፤ በ1990 ለትምህርት ሕንድ ሄዶ ከመነኮሳት ጋር ተዋወቀ፣ በ2002 መነኮሰ፣ በ2005 አገሩ ተመልሶ የኡጋንዳ ቡድሂስት ማዕከልን መሠረተ። «ይሄ ነገር ለአፍሪካዊ አይሆንም» የሚላችሁ ካለ እሱን ጥቀሱለት።

ቤተሰብ ነገሩን ሲሰማ መጠየቁ አይቀርም። እናት «ጣዖት ልታመልክ ነው?» ማለቷን አትናቁ። ትንፋሽ መቁጠር ማንንም ከእምነቱ አያስወጣም። ቡድሂዝም ግን የራሱ ገዳም፣ ሥርዓትና እምነት ያለው ሃይማኖት ነው፤ ዕጣን አጭሶ ሲያሰግዳችሁ «ይሄ ሳይንስ ብቻ ነው» የሚል አስተማሪ ካለ ዋሽቷችኋል። የንስሐ አባታችሁን ወይም ፓስተራችሁን በግልጽ አማክሩ። ሌላም አለ፦ ከባድ ድባቴ፣ ያልሻረ የጦርነት ትዝታ ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ሰዓት መቀመጡ ሊያባብስበት ይችላል። እሱ መጀመሪያ ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሐኪም ጋ ይሂድ። መድኃኒት ከጀመረም «ሜዲቴሽን ይተካዋል» በሚል ወሬ እንዳያቋርጥ።

ዝና ዋስትና እንዳልሆነም ልብ በሉ። ቲቤታዊው የቡድሂዝም አስተማሪ ሶግያል ሪንፖቼ በዓለም ዙሪያ ተከታይ ነበረው። በ2017 ለረጅም ዓመታት አብረውት የነበሩ ስምንት ተማሪዎች ግፉን ዘርዝረው ደብዳቤ ጻፉ፤ ድርጅቱ ራሱ ያስጠናው ምርመራም በ2018 አንዳንድ ተማሪዎች ከባድ አካላዊ፣ ወሲባዊና ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ደመደመ። ለዓመታት ዝም የተባለው «መምህር አይጠየቅም» በሚል ነው። እኛም አገር ይህን ዓይነት ፍርሃት በደንብ እናውቀዋለን።

ስለዚህ ፖስተሩ ላይ ያለው የሆቴል ሥልጠና ካጓጓችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉና ጠይቁ። ማን አስተማረህ? ራስህ ስንት ዓመት ተለማመድክ? ክፍያው ወዴት ይሄዳል? ካልተስማማኝ በመሃል መውጣት እችላለሁ? በደንብ የተማረ ሰው በዚህ አይቆጣም፣ የአስተማሪውን ስም ሲጠራ ደስ እያለው ነው። ለብቻ ክፍል ውስጥ እንገናኝ ካለ፣ ለቤተሰብ አትንገሩ ካለ፣ ወይም መልሱ «ሰርተፍኬቴን እዩት» ብቻ ከሆነ ስልኩን ዝጉና ብራችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።