በወሎ ደጋ ሜዳዎችና የወንዝ ዳር መንገዶች ከውሻ ጋር በእግር ለመጓዝ

የወሎ ደጋ ከሩቅ ሲታይ ሰው የማይደርስበት ገላጣ ሜዳ ይመስላል። ቀረብ ሲሉት ግን ከየጉብታው ጀርባ በግ የሚጠብቅ ልጅ፣ በየመንደሩ ግቢ የማያስደፍር ውሻ፣ በገደሉ አፋፍ ደግሞ ሣር የሚነጭ የጭላዳ መንጋ አለ። ውሻውን አስከትሎ በዚህ አገር ለመጓዝ ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስታውሰው የሚገባው ነገር ውሻው እንግዳ መሆኑን ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተልም ከዚሁ የሚነሣ ነው።

መጀመሪያ፦ ውሻ ሊገባበት የማይገባውን ቦታ ይለዩ

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ አውሬ ሲሆን የአዋቂዎቹ ቁጥር ከ500 በታች ነው። በወሎ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ በደላንታ ደጋ እንዲሁም በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ እንደታየ ተመዝግቧል። ይህን አውሬ ከጥይትና ከወጥመድ ይልቅ የሚያሠጉት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር የሚባለው የውሾች በሽታ ሲሆኑ ሁለቱም ወደ እሱ የሚደርሱት በአብዛኛው ከቤት ውሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ በአንድ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል። የተከተበ ውሻም ቢሆን አውሬውን ያባርራል፣ ከጉድጓዱ ያስለቅቃል፣ ኩሱን በሚያድንበት መስክ ላይ ይጥላል። ስለዚህ እነዚህን ሦስት ቦታዎች ለማየት የሚሄድ ሰው ውሻውን ቤት ትቶ መሄድ አለበት፤ በእኔ እምነት ይህን ደንብ ለመጣስ የሚበቃ ምንም ዓይነት ምክንያት የለም።

ከውሻ ጋር ለመጓዝ ለደሴ ነዋሪ ጦሳና አዝዋ ገደል ቅርብ ናቸው፤ ከከተማው በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የሐይቅ ዙሪያም፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የቦርከና ሸለቆም እንዲሁ። ወደማያውቁት ደጋ ለመውጣት ሲያስቡ ቀይ ቀበሮ ይታይበት እንደሆነ የወረዳውን ጽሕፈት ቤት ወይም የአካባቢውን እረኞች መጠየቅ ይገባል። እረኛ በዚህ ጉዳይ አይሳሳትም።

ቀጥሎ፦ ክትባቱን ይጨርሱ

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይጀመራል፤ ከዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያም የእንስሳት ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ይታደሳል። የመጀመሪያው ክትባት መከላከያ ለመሆን አንድ ወር ገደማ ስለሚፈልግ በጉዞው ዋዜማ መከተብ የሚያስገኘው ጥቅም የለም። ዲስተምፐርን የሚከላከለውም አብሮ ቢሰጥ መልካም ነው። የክትባቱን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለው ይያዙ፤ ውሻዎ ሰው ቢነክስ የተነከሰው ሰው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነውና። ሰው ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ መታጠብና ሰውየው በዚያው ቀን ጤና ተቋም መድረስ አለበት። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ ሕይወት ማትረፍ እጅግ አዳጋች ነው።

የትል መድኃኒትም መርሳት አይገባም። የታረደ በግ ሳንባና ጉበት ጥሬውን የበላ ውሻ ለሰውም ለከብትም የሚተርፍ የትል እንቁላል በኩሱ ይዘራል፤ ይህን ልማድ ከጉዞውም ሆነ ከቤት ማስቀረት ያስፈልጋል።

ሰውነቱን ያለማምዱ፣ ስንቁንም ያዘጋጁ

ዓመት ያልሞላው ቡችላ አጥንቱ ስላልጠና ለረጅም መንገድ አይወጣም። ጤናማው ውሻም ቢሆን ከአጭር መንገድ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይለማመድ። በ3500 ሜትር ከፍታ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ አየር በቀጥታ ወደ ደጋ የወጣ ውሻ ቶሎ ይደክማል።

ሁለት ሜትር የሚሆን ጠንካራ ገመድ፣ በአንገት ፋንታ ደረቱንና ትከሻውን የሚይዝ ማሰሪያ፣ የአፍ መከለያ፣ ውሃና መጠጫ ሳሕን፣ ንጹሕ ጨርቅና ፋሻ፣ መዥገር መንቀያ ወረንጦ ያስፈልጋሉ። ማደር ካለ አሮጌ ባና ይጨመር፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለውሻም ውርጭ ነው።

በሜዳው ላይ ገመዱን አይልቀቁ

ሰው ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ብቻ ውሻውን የሚለቅበት ምክንያት አይታየኝም። የወሎ ደጋ ሜዳ ሄዶ ሄዶ በድንገት ገደል ላይ ይቆማል። ጭላዳዎች ሌሊት በገደሉ እርከኖች ላይ አድረው ቀን በአፋፉ ላይ ስለሚሰማሩ፣ ውሻ ሲመጣባቸው የሚሸሹት ወደ ገደሉ ነው፤ እነሱ ወርደው ገደሉን ይይዛሉ፣ በሩጫ የተከተላቸው ውሻ ግን ማቆም አይችልም። ጉም ሲወርድ አደጋው ይብሳል። ዐሥር እርምጃ ፊት ለፊት የማይታይ ከሆነ ባሉበት ተቀምጠው ጉሙ እስኪነሣ መጠበቅ ይሻላል።

የበግ መንጋ ሲያዩ ገና ከሩቅ ገመዱን አሳጥረው፣ ውሻውን ከመንጋው በተቃራኒ ጎን አድርገው፣ እረኛው እንዲያይዎ በግልጽ ቦታ ይቁሙ። እረኛው ልጅ ወንጭፍ ይዞ ይሆናል፤ የማያውቀውን ውሻ በድንጋይ ቢያባርር የሚወቀስበት ነገር የለም። ሰላምታ አስቀድመው፣ «አባባ፣ ውሻዬን አጥብቄ ይዣለሁ፤ በየት በኩል ባልፍ ይሻላል?» ብለው ትልቁን ሰው ቢጠይቁ መንገዱን የሚያሳይዎ እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ልጁን አብሮ ይልክልዎታል። ውሻዎ በግ ቢጎዳ ባለቤቱን ፈልገው፣ በሽማግሌ ግምት ከፍለው ይሂዱ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፣ አንድ መንገደኛ ጥሎት የሄደ ጥፋት ከኋላው የሚመጣውን ሁሉ ያስጠላል።

ወደ መንደር ሲጠጉ ገና ከአጥሩ ሳይደርሱ «ውሻ ያዙ!» ብለው ይጣሩ። የግቢው ውሾች ግን ባለቤቶቻቸውን ቀድመው ሊደርሱ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ መሮጥም ጀርባ መስጠትም ነገሩን ያባብሳል። ውሻዎን ከኋላዎ አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ከዚያም ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ጎንበስ ይበሉ፤ የመንደር ውሻ ይህን እንቅስቃሴ በደንብ ስለሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ ይላል። ከተያያዙ ግን እጅዎን በመካከላቸው አያግቡ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ሆነ የመስጊድ ግቢ ለውሻ አይደለም፤ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦችም የውሻ ምራቅ ልብሳቸውንና ዕቃቸውን እንዳይነካ ስለሚጠነቀቁ፣ ቡና ቢጋበዙ ውሻውን ከደጅ አስረው ይግቡ።

በአጨዳ ወቅት በገብስ ማሳ ጠርዝ ሲያልፉ የዛላው ሹል ጫፍ በጆሮውና በጣቶቹ መካከል ይገባል፤ ኮሸሽላም እግሩን ይወጋል። ወረድ ባለው አገር የቁልቋል ወተት ዓይኑን እንዳይነካው ይጠንቀቁ።

በወንዝ ዳር

በክረምት እንደ በሽሎ ያለውን ወንዝ ለመሻገር ማሰብ አያስፈልግም። በበጋም ሆነ በበልግ ግን ሰማዩ ከራስዎ በላይ ጠርቶ እያለ ራስጌ በጣለ ዝናብ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ጥርት ያለው ውሃ ሲደፈርስ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ሲጀምር፣ ድምፁም ሲወፍር ካዩና ከሰሙ ውሻውን ይዘው ወዲያው ከፍ ወዳለ ቦታ ይውጡ፤ ደራሽ ጎርፍ ዕቃ ለመሰብሰብ ጊዜ አይሰጥም።

ለመሻገር ውሃው ሰፋ ብሎ የሚሳሳበትን ቦታ ይምረጡ። ከጉልበትዎ በላይ ከሆነ ይመለሱ። የውሻውን ገመድ በእጅ አንጓ ወይም በወገብ ማሰር ሁለታችሁንም አብሮ ያስወስዳል፤ ገመዱ በድንጋይ እንዳይያዝም ከማሰሪያው ፈትተው፣ አንድ ሰው ቀድሞ ተሻግሮ ከማዶ ይጥራው። ትንሽ ውሻ ይታቀፋል። ውሃው ከወሰደው ተከትለው አይዝለሉ፤ በዳሩ ወደ ግርጌ እየሮጡ በስሙ ይጥሩት። ብዙ ውሾች ውሃው ረገብ በሚልበት ቦታ በራሳቸው ይወጣሉ።

ቦርከና ከደሴ ከተማ ሲወጣ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ ስለሚወርድ ለውሻ አይጠጣም። ከከተማ በታች ባለው ወንዝ ሁሉ የያዙትን ውሃ ያጠጡት።

ሙቀቱና የቀኑ ሰዓት

ውሻ ሙቀቱን የሚያበርደው በማለክለክ ስለሆነ በቆላው ሸለቆ ከሰው ቀድሞ ይጎዳል። ጉዞው ጠዋት 12 ሰዓት ተጀምሮ ከ6 እስከ 9 ሰዓት በጥላ ሥር ይረፍ። ያለ ማቋረጥ ካለከለከ፣ ምራቁ ከወፈረ፣ ድዱ ከቀላና ከተንገዳገደ ጉዞውን አቁመው ሆዱንና ብብቱን በውሃ ያርሱ፣ ጥቂት በጥቂት ያጠጡት፣ ወደ ሐኪምም ይውሰዱት። ጀንበር ሳትጠልቅ መድረሻዎ ላይ ይገኙ፤ ጅብና ነብር ውሻ ይወስዳሉና ማታ ከቤት ውጭ አይታሰርም።

ከተመለሱ በኋላ

በዚያው ማታ ጆሮውን፣ ብብቱንና የጣቶቹን መካከል በእጅዎ እየዳሰሱ ይመርምሩ። መዥገር ሲያገኙ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡት፤ በእሳት ወይም በጋዝ ማስለቀቅ ቆዳውን ይጎዳል። የተሰነጠቀ መዳፍ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይታሰር። ከረጋ ውሃ የጠጣ ውሻ ከጉዞው በኋላ በተደጋጋሚ የሚያነጥስ ከሆነና ከአንድ አፍንጫው ደም የሚንጠባጠብ ከሆነ አልቅት ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል በቤት ውስጥ ለማውጣት ሳይሞከር ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይወሰድ።