የፎቶ ጋለሪ ለምትሰሩ
ዌብሳይት ላይ ጋለሪ የምትሰሩ ልጆች፣ ሌዚ ሎዲንግን (ሰው ወደ ፎቶው ሲጠጋ ብቻ እንዲወርድ የሚያደርገውን) ሁሉም ፎቶ ላይ አትለጥፉት፣ ገጹ ሲከፈት ወዲያው የሚታዩትን የላይኞቹን ተዉአቸው፣ አለዚያ እነሱም ዘግይተው ነው የሚመጡት። የፎቶውን ዊድዝና ሃይት (ስፋትና ቁመት) ኤችቲኤምኤሉ ላይ ጻፉ፣ ሲኤስኤስ ላይ ሃይቱን አውቶ ብታደርጉትም ብሮውዘሩ ከሁለቱ ቁጥር ሬሾውን አስልቶ ቦታ ይይዝለታል፣ ካልሆነ ፎቶ በመጣ ቁጥር ገጹ እየዘለለ ሰው ያልፈለገውን ሊንክ ይነካል። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ሳይዝስ ነው፣ ፎቶው ገጹ ላይ ምን ያህል ስፋት እንደሚይዝ ለብሮውዘሩ የሚነግረው፤ ሶርስሴት (የአንዱ ፎቶ የተለያየ ስፋት ያላቸው ፋይሎች ዝርዝር) ላይ 400፣ 800፣ 1600 ፒክስል ብላችሁ ደርድራችሁ ሳይዝስን ከዘለላችሁት ብሮውዘሩ ፎቶው ስክሪኑን ሙሉ የሚይዝ ይመስለውና በሶስት ኮለም ለተደረደረች ሚጢጢ ፎቶ ትልቁን ፋይል ያወርዳል፣ በሞባይል ዳታ ለሚያይ ሰው ደግሞ ግፍ ነው በቃ። ፎቶው እስኪመጣ 20 ፒክስል የምታክል ብዥ ያለች ኮፒውን ባክግራውንድ አድርጉለት፣ ባዶ ሳጥን ከማየት ይሻላል።