የአሚኖ አሲዶች የጎን ሰንሰለት ንጽጽር ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ምልክት፦ ስክሪኑ ላይ አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ከትሪፕቶፋን የሚበልጥ ይመስላል።

ችግሩ አሳሳሉ ላይ ነው። ፓይሞል በተባለው የሞለኪውል ማሳያ ፕሮግራም ላይ ሞለኪውሉን በዱላ መልክ ስታዩት የሚታያችሁ አጽሙ ብቻ ነው። አርጂኒን ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ዓይን ይስባል። ቦታ በመያዝ ግን ትሪፕቶፋንን የሚያህል የለም። ዋናው ሰንሰለት (አሚኖ አሲዶቹ የሚያያዙበትና የጎን ሰንሰለቶቹ የሚወጡበት አከርካሪ) ላይ ያለው ድርሻ ተጨምሮ ወደ 228 ኩብ አንግስትሮም ይይዛል፤ አንድ አንግስትሮም የሜትር አስር ቢሊዮንኛ ነው። አርጂኒን 173 ገደማ ነው፤ የጎን ሰንሰለቱ አንድ ሃይድሮጅን ብቻ የሆነው ግላይሲን ደግሞ 60 ገደማ።

መፍትሄ፦ ከዱላ ወደ ኳስ መልክ ቀይሩ። ሃይድሮጅኖቹንም ጨምሩ። በኤክስሬይ የተገኙት አብዛኞቹ መዋቅሮች ሃይድሮጅን ስለማያሳዩ ሁሉም ነገር ከእውነቱ የሳሳ ይመስላል።

ምልክት፦ ሊዩሲንን በአይሶሊዩሲን ተካሁ። መጠናቸው እኩል ነው፤ ግን አልገጥም አለ።

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ መጠንና ቅርጽ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። የሁለቱም አቶሞች በዓይነትም በቁጥርም አንድ ናቸው። ክብደታቸውም 131 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ነው። የሚለያዩት ቅርንጫፉ በሚወጣበት ቦታ ነው። አይሶሊዩሲን ገና የጎን ሰንሰለቱ የመጀመሪያ ካርቦን፣ ማለትም ቤታ ካርቦን ላይ ለሁለት ይከፈላል። ሊዩሲን አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ጋማ ካርቦን ላይ ይከፈላል። ስለዚህ አይሶሊዩሲን ሥሩ አካባቢ ይወፍራል፤ ሊዩሲን ደግሞ ወደ ጫፉ። ቫሊንና ትሪዮኒንም እንደ አይሶሊዩሲን ቤታ ላይ ነው የሚከፈሉት።

መፍትሄ፦ ሁለቱን ዋናው ሰንሰለታቸው ላይ አስተካክላችሁ ደርቧቸው። ቀጥላችሁ ሮታመሮቹን፣ ማለትም የጎን ሰንሰለቱ ሊዞርባቸው የሚችሉትን አቅጣጫዎች፣ አንድ በአንድ ሞክሩ። የፓይሞል ሙታጄኔሲስ (አሚኖ አሲድ መቀየሪያ) መሣሪያ አቶሞች ሲጋጩ ቀይ ክብ ያሳያል። በመጀመሪያው ሮታመር ቀይ አያችሁ ብላችሁ አትተዉት፤ ሦስተኛው ወይ አራተኛው ሊገጥም ይችላል።

ምልክት፦ መጠኑ ተቀራራቢ ነው፣ ግጭትም የለም፣ ፕሮቲኑ ግን ተበላሸ።

ሲክል ሴል የተባለውን የደም በሽታ አስቡ። ኦክስጅን በሚሸከመው ፕሮቲን በሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት 6ኛ ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን ይተካል። መጠናቸው 138 እና 140 ኩብ አንግስትሮም ገደማ ነው። በመጠን ብቻ ብንሄድ ምንም አልተለወጠም እንላለን። ነገር ግን የመጀመሪያው ኔጌቲቭ ቻርጅ ይዞ ውሃ ይወዳል፤ ቫሊን ውሃ ይሸሻል። ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅን ሲለቅ ይህ ቫሊን ጎረቤት ሞለኪውል ላይ ያለ ስርጉድ ውስጥ ይሸጎጣል። እንዲህ እየተያያዙ ረጅም ክር ይሠራሉ፤ ቀይ የደም ሴሉም እንደ ማጭድ ይጎብጣል።

መፍትሄ፦ ከመጠን ቀጥሎ ቻርጁን እዩ። ከአንዱ ሞለኪውል ወጥታችሁ ጎረቤቱንም እዩ።

ምልክት፦ ኮላጅን (ሦስት ሰንሰለቶች የተጠማዘዙበት ፕሮቲን) ውስጥ ግላይሲንን በአላኒን ብቻ ቀየርኩ፤ ሦስቱ ሰንሰለቶች አልገጥም አሉ።

በየሦስተኛው ቦታ ያለው ግላይሲን ሦስቱ ሰንሰለቶች የሚገናኙበት መሃል ላይ ይውላል። እዚያ ከሃይድሮጅን የበለጠ የሚችል ቦታ የለም። አላኒን የሚዞር ሮታመር ስለሌለው መሞከሩም አይጠቅምም። ግላይሲኑን መልሱት።