እጅ እየተንቀጠቀጠም ሪፖርት ይቀርባል

ማይክሮፎን የሚንቀጠቀጥ ወረቀትን ድምፅ አጉልቶ ያሰማል። ይህን ያወቅሁት በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር፣ በአንዲት የዞን ከተማ የስብሰባ አዳራሽ፣ የመሥሪያ ቤታችንን የዘጠኝ ወር ሪፖርት ላቀርብ በቆምሁበት ቀን ነው። በእጄ ስድስት ገጽ ስስ ወረቀት ይዣለሁ። ገና አንድ ቃል ሳልተነፍስ ከድምፅ ማጉያው፣ የደረቀ የበቆሎ አገዳ ነፋስ ሲነካው እንደሚያሰማው ያለ ኮሽታ መውጣት ጀመረ። ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ማጉያው የተበላሸ መስሏቸው ወደ ቴክኒሻኑ ዞሩ። እኔ ግን ከየት እንደመጣ ዐውቄአለሁ። ዓይኔን ከወረቀቱ ሳልነቅል፣ ሦስተኛውን ገጽ ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ አምስተኛውን ዘልዬ ተቀመጥሁ።

አምስተኛው ገጽ ላይ የነበረው የአንድ ቀበሌ የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ ጉዳይ ነው። ፓምፑ ተቃጥሏል፤ መለወጫው የሚገዛበት ገንዘብ እንዲፈቀድ መጠየቅ ነበረብኝ። ስላላነሣሁት ማንም አልተወያየበትም፤ ነገሩ ለሚቀጥለው የሩብ ዓመት ስብሰባ ተላለፈ። የዚያ ቀበሌ ሴቶችና ልጃገረዶች ሦስት ወር ሙሉ ጀሪካን ተሸክመው ወንዝ ወረዱ። ሪፖርቱ በደንብ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ቁጥሩም ትክክል ነበር፤ የጎደለው አፍ ነው። ዛሬም ይቆጨኛል።

የዕቅድና በጀት ባለሙያ ስለሆንሁ ከዚያ ወዲህ ከአርባ በላይ ሪፖርት አቅርቤአለሁ። በሰው ፊት ቆሞ መናገርን ግን አሁንም አልወድም። «ስትለምጂው ትወጂዋለሽ» ያሉኝ ብዙ ነበሩ፤ አልሆነልኝም። መውደዱን መጠበቅ ከተውሁ በኋላ ነው ሥራው የቀለለኝ። ስለዚህ አንደበተ ርቱዕ ስለ መሆን የምነግራችሁ የለኝም፤ እየጠላችሁትም ቢሆን አምስተኛውን ገጽ ሳትዘሉ የምትወርዱበትን መንገድ ግን ላሳያችሁ እችላለሁ።

ከጉባኤ ቃና ጀምሩ

አባቴ በልጅነታቸው ጎጃም፣ ዋሸራ፣ ቅኔ ተምረዋል። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ቅዳሜ ቤታቸው ሄጄ የደረሰብኝን ስነግራቸው ጸጥ ብለው አዳመጡና፣ «ልጄ፣ አንቺ እኮ ከመወድስ ነው የጀመርሽው» አሉኝ። የቅኔ ተማሪ የመጀመሪያ ሥራው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት መስመር ብቻ። እርሱን ቆጥሮ (ደርሶ) በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይነግራል፤ ይታረማል፤ ደግሞ ቆጥሮ ይነግራል። ቀጥሎ ሦስት ቤት ያለው ዘአምላኪየ ይመጣል። ስምንት ቤት ካለው መወድስ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ሲወጣ ቆይቶ ነው። እኛ የቢሮ ሰዎች ግን ዓመቱን ሙሉ ዝም ብለን እንከርምና በአንድ ቀን መቶ ሰው ፊት እንቆማለን።

እኔ የጀመርሁት ሰኞ ጠዋት በክፍላችን ስብሰባ ነው። ሰባት ሰዎች ነን። ያለፈውን ቃለ ጉባኤ እኔ ላንብብ ብዬ ራሴ ጠየቅሁ፦ ተቀምጬ፣ ማይክሮፎን ሳይኖር፣ የተጻፈ ነገር። ሁለት ወር ያህል ከዚህ አላለፍሁም። ቀጥዬ በሰፈራችን ዕድር የወር መዋጮውን ሒሳብ ቆሜ አነበብሁ። ዕድር ለዚህ ሥራ እጅግ ጥሩ ቦታ ነው፤ ሰው የሚያዳምጠው ቁጥሩን እንጂ እናንተን አይደለም፣ ብትሳሳቱም አንዲት እናት ከተቀመጡበት ሆነው ያርሟችኋል። ከዚያ አዲስ ሠራተኛ ማስተዋወቅ፣ ከዚያም ከባልደረባዬ ገለጻ ውስጥ አንድ ስላይድ ብቻ ተካፍሎ ማቅረብ መጣ። አንዱ ደረጃ ላይ የልቤን ምት ሳላስተውል ሁለት ጊዜ ካለፈልኝ ወደሚቀጥለው እሻገራለሁ። ካልሆነልኝ እዚያው እቆያለሁ።

ተራችሁን ለሌላ ሰው አሳልፋችሁ አትስጡ። በዚያ ቀን የሚሰማው ዕረፍት ጣፋጭ ነው፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ እጥፍ ሆኖ ይመጣል፤ ከመሸሽ በቀር መዳኛ እንደሌለ ለልባችሁ አስተምራችሁታልና።

ግሡን አቅርቡት

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ከሁሉ የጠቀመኝ ይህ ስለሆነ።

በአማርኛ ግሥ የሚመጣው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። የሪፖርት አማርኛ ደግሞ «በመሆኑም»፣ «ከዚህ አኳያ»፣ «በማድረግና በማስቻል» እያለ ግሡን ከአራትና ከአምስት መስመር ማዶ ያስቀምጠዋል። የፈራ ሰው ትንፋሹ አጭር ነው። ግሡ ጋር ሳይደርስ አየሩ ያልቅበታል፤ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ አድማጩም ነገሩ ተሠራ ወይስ አልተሠራም የሚለውን ሳይሰማ ይቀራል። ከጽሑፌ አንዱ እንዲህ የሚል ነበር፦

«በበጀት ዓመቱ ዘጠኝ ወራት የውኃ ሽፋናቸው ዝቅተኛ የሆኑ ወረዳዎችን በመለየትና ቅድሚያ በመስጠት ሊሠሩ ከታቀዱት 48 የእጅ ፓምፖች ውስጥ የግንባታ ዕቃ አቅርቦት እጥረት በማጋጠሙ ምክንያት 31 ያህሉን ብቻ ማጠናቀቅ ተችሏል።»

አሁን ይህንኑ ከአፌ የማወጣው እንዲህ ነው፦

«48 የእጅ ፓምፕ ለመሥራት አቅደን ነበር። 31 ጨርሰናል። 17 ቀርቷል። ያስቀረን የዕቃ እጥረት ነው።»

አራት ግሥ፣ አራት ማረፊያ። በየአራት ነጥቡ አየር መሳብ ይቻላል። ረጅሙ ዓረፍተ ነገር በታተመው ሪፖርት ውስጥ ይኑር፤ ለአፋችሁ ግን ሌላ ወረቀት አዘጋጁ። ያንን ወረቀት ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝ አድርጉና ዓረፍተ ነገሩን እዚያው ቁረጡት። በልብ ማንበብ ይህን አያሳይም፤ ምላስና ሳንባ ካልሠሩ የት እንደምትሰናከሉ አታውቁም።

ቁጥርም እንዲሁ ነው። 1,347,650 ብር የሚለውን በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ አንድ በአንድ መጥራት ምላስ ያስራል። ወረቀቴ ላይ የምጽፈው «አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ብር ገደማ» ብዬ በፊደል ነው፤ ዝርዝሩን የፈለገ ከሰንጠረዡ ያየዋል። በአንድ ገለጻ ከአምስት ቁጥር በላይ በቃል አልናገርም።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገርና የመጨረሻውን ብቻ በቃላችሁ አጥኑ። ፍርሃት ጣሪያ የሚነካው በመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ አፍ ያለ አእምሮ እርዳታ የሚሄድበት መንገድ ያስፈልገዋል። የክቡራን እንግዶችን ስምና ማዕረግ ግን በቃል ለመያዝ አትሞክሩ። ከሰብሳቢው ጸሐፊ ጠይቃችሁ በቅደም ተከተል ጻፉት፤ ወይም «የተከበራችሁ የስብሰባው ተሳታፊዎች» በሚለው ለማለፍ አስቀድማችሁ ሰብሳቢውን አስፈቅዱ። ሰው የሚዘለለው እዚህ ላይ ነው፣ የተዘለለ ሰውም አይረሳም።

የአስፈላጊነት ቅደም ተከተሉንም ቀይሬአለሁ። ድሮ ችግሩ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ፣ «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚለው ርእስ ሥር ነበር። አሁን ውሳኔ የምፈልግበትን ነገር በሁለተኛው ደቂቃ አነሣዋለሁ። መብራት ቢጠፋ፣ ሰዓት ቢያልቅ፣ ድምፄ ቢዘጋ እንኳ ፓምፑ ተነግሯል።

የሰውነት ነገር

ልብ የሚመታው፣ ምራቅ የሚደርቀው፣ እጅ የሚንቀጠቀጠው አድሬናሊን ስለሚረጭ ነው። ሰውነት ሊሮጥ ተዘጋጅቷል፤ መሮጥ ስለሌለ ኃይሉ በጣቶች በኩል ይወጣል። ይህን ማስቆም ባይቻልም ማለዘብ ይቻላል። ከመግባቴ በፊት ኮሪደር ላይ ቆሜ እስከ አራት እየቆጠርሁ በአፍንጫዬ አየር እስባለሁ፣ እስከ ስምንት እየቆጠርሁ አወጣለሁ፤ አምስት ጊዜ። የልብን ምት የሚያረግበው የሚወጣው ትንፋሽ ነው፤ ስለዚህ የሚወጣው ይርዘም። ቶሎ ቶሎ በረጅሙ መሳብ ግን ያዞራል።

ወረቀቱን በተመለከተ ስስ ወረቀት አትያዙ። ግማሽ ገጽ የሚያህል ወፍራም ካርቶን ቆርጣችሁ ጽሑፉን በትልልቅ ፊደል አድርጉበት። ካርቶን አይንኮሻኮሽም። አትሮንስ ካለ በላዩ አኑሩትና እጃችሁን ከጎንና ከጎን አሳርፉ። ውኃ በብርጭቆ አይሁን፤ ክዳን ያለው ጠርሙስ ይሻላል።

ቡና እወዳለሁ፣ ቢሆንም በዚያ ጠዋት ከአቦል አላልፍም። ቶናውና በረካው ለከሰዓት በኋላ ይቆያሉ፤ ቡና የልብ ምቱንም የእጁን መንቀጥቀጥም ያባብሰዋልና። አንድ ነገር ደግሞ፦ የዘጠኝ ወር ሪፖርት ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጣጠማል። እህልና ውኃ ሳይቀምስ የዋለ ሰው ከሰዓት በኋላ ሲቆም አፉ ይደርቃል፣ ጉልበቱም ይከዳዋል። ስለዚህ የምትጾሙ ከሆነ የአቅራቢዎች ተራ ሲወጣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ከሁሉ በፊት እንድትሆኑ ጠይቁ። እስካሁን የከለከለኝ ሰብሳቢ የለም። ቀድሞ መጨረስ ሌላም ጥቅም አለው፤ ተራ እየጠበቁ መቀቀል ይቀራል።

ዓይንን በሚመለከት፣ ብዙዎቻችን የታላቅን ዓይን አተኩሮ ማየት ነውር ነው እየተባልን አድገናል። «አድማጭን ዓይን ዓይኑን እዩ» የሚለው ምክር ስለዚህ ለእኔ ከመናገሩም በላይ ከበደኝ። መፍትሔዬ አንዲት የሒሳብ ክፍል ባልደረባዬ ናት። ሦስተኛው ረድፍ፣ በስተግራ ትቀመጥልኛለች። ፍጥነቴ ሲጨምር እጇን ጉንጯ ላይ ታደርጋለች፤ ያን ጊዜ አንድ ሙሉ ትንፋሽ እቆማለሁ። ለአለቆች ደግሞ ቅንድባቸውን አያለሁ፤ ከሩቅ ሲታይ ልዩነቱ አይታወቅም።

ከቤቱ ጥያቄ ሲመጣ

ብዙ ሰው ከገለጻው ይልቅ የሚፈራው ጥያቄውን ነው። እኔ ግን ከጊዜ በኋላ የተረጋጋሁበት ክፍል ይህ ሆነ። በእኛ ስብሰባዎች ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚሰበሰበው በአንድ ላይ ነው፤ ሦስት አራት ሰው ተናግሮ ሲያበቃ «አቅራቢዋ ምላሽ ይስጡበት» ይባላል። ያ ጊዜ የእናንተ ነው። ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ እያንዳንዱን ጥያቄ በሦስት ቃል ጻፉ። እኔ ስጽፍ እጄ ብዙም አይንቀጠቀጥም። መልሱን ከምታውቁት ጀምሩ፤ የጠያቂዎቹን ቅደም ተከተል መጠበቅ ግዴታ የለባችሁም።

የማታውቁት ሲመጣ «ይህን አጣርቼ እስከ ነገ 6 ሰዓት በጽሑፍ አቀርባለሁ» በሉና በእርግጥም አቅርቡ። ቁጣ ያዘለ ጥያቄ ከመጣ ከቁጣው ውስጥ ጥያቄውን ብቻ አውጥታችሁ መልሱ። አንድ ታላቅ ሰው «ይህ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ?» ብለው ጠረጴዛ ሲመቱ፣ «ጋሼ፣ የጠየቁት የጥገናውን ወጪ ከሆነ 60 በመቶው ለመለዋወጫ ነው የወጣው» አልኋቸው። ድምፄ ቀጭን ነበር። እርሳቸው ግን ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።

አለቃ የሆናችሁ ሰዎች ይህን የምታነቡ ከሆነ አንድ ልለምናችሁ፦ «እስቲ አንቺ ቀጥዪ» ብላችሁ ሰውን በድንገት አታስነሡ። ከሁለት ቀን በፊት ንገሩት። ከሠራተኞቻችሁ መካከል ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቀው ዝምተኛው ሊሆን ይችላል።

ፍርሃቱ ከሳምንታት በፊት እንቅልፍ የሚነሣችሁ፣ ዕድገት እስከ መመለስ የሚያደርሳችሁ ወይም በመጠጥ የምታስታግሡት ከሆነ ከላይ ያልሁት አይበቃም፤ ባለሙያ አማክሩ። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ የአእምሮ ጤና ክፍል ያላቸው ሌሎች ሆስፒታሎችም አሉ። ይህ ሕክምና ያለው ነገር ነው። ባልደረባ የሚያቀብላችሁን ኪኒን ግን አትዋጡ። ለእጅ መንቀጥቀጥ ተብሎ የሚወሰደው ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ ሐኪም ሳያዝዘው አይወሰድም።

ከአዳራሽ ስወጣ ማንንም «እንዴት ነበርሁ?» ብዬ አልጠይቅም። ካርቶኑን ገልብጬ በጀርባው ሁለት መስመር እጽፋለሁ፤ በዚያ ቀን ማታ ሌላ ነገር አላስብበትም። ባለፈው ሚያዝያ የጻፍሁት ይኸው ነው፦ «ጠርሙሱን ቢሮ ረስቼ አፌ ደርቆ ነበር። የሁለቱን ቀበሌዎች ፓምፕ በሁለተኛው ደቂቃ አነሣሁ፤ ግዢው ተፈቅዷል።»