የቆየ የኤሌክትሪክ ምጣድ፦ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

የእንጀራ ምጣድ ሲበላሽ አብዛኛው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የአዲሱን ዋጋ ነው። መቅደም ያለበት ግን የትኛው ክፍሉ እንደተበላሸ መለየት ነው፤ ምክንያቱም ሸክላው፣ ከሸክላው ሥር የተዘረጋው ሽቦ፣ ሽቦውን የሚሸፍነው ጄሶ፣ ገመዱና ስፒናው የየራሳቸው ዕድሜ ስላላቸው የአንዱ መበላሸት ምጣዱ በሙሉ አለቀ ማለት አይደለም። በዚያ ላይ በጎመን ዘር ተሟሽቶ ለዓመታት የለመደ ሸክላ እንዲሁ የሚጣል ነገር አይደለም፤ አዲሱ እስኪለምድ ስንት እንጀራ ይዞ እንደሚያስቀድድ የጋገረ ሁሉ ያውቀዋል።

ምርመራውን ከስፒናው ይጀምሩ። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ብዙው የቤት ሶኬት የሚችለውም ይህንኑ ያህል ስለሆነ፣ ስፒናው ጥቂት እንኳ ከላላ ይግላል፣ ውሎ አድሮም ይቀልጣል። የእናቴን ምጣድ ያየ አንድ ጠጋኝ «አልቆለታል፣ አዲስ ይግዙ» ብሎን ነበር። ስፒናውን ስንፈታው ግን አንደኛው ቡሎን ጠቁሮ፣ የገመዱም ጫፍ ከስሎ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ሆኖ አገኘነው። የተቃጠለውን ቆርጠን ስፒናውን ብቻ ለወጥንለት፤ እናቴ እስከ ዛሬ ትጋግርበታለች። ሶኬቱም ከጠቆረ አብሮ መለወጥ አለበት፤ አለዚያ አዲሱንም ስፒና ያቃጥለዋል።

ምጣዱ ቶሎ አልግል ካለ፣ ጥፋቱን በእርሱ ላይ ከማድረግዎ በፊት የመብራቱን ኃይል ይጠርጥሩ። 220 መሆን የነበረበት ቮልት ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት ከወትሮው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የመብራት ተጠቃሚው በሚቀንስበት ሌሊት ወይም ማለዳ ጋግረው ይሞክሩት፤ ያኔ በደንብ ከጋለ፣ ወይም የእርስዎ በሚያጓትትበት ሰዓት የጎረቤትም ምጣድ የሚያጓትት ከሆነ፣ የእርስዎ ምጣድ ጤነኛ ነው።

ምጣዱ ጨርሶ ካልሞቀ ስፒናውን ነቅለው፣ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በስፒናው ሁለት እግሮች መካከል በቴስተር (ቁጥር በሚያሳየው የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያስለኩ። የ3,500 ዋት ምጣድ 14 ኦም (ሽቦው ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን) ገደማ ማሳየት አለበት፤ ገመዱና ማብሪያ ማጥፊያው ደህና ሆነው ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምመክረው፣ የተበጠሰውን ጫፍና ጫፍ አቀጣጥሎ መመለስን እንዳይቀበሉ ነው። ሽቦው በማጠሩ ወደ 12 ኦም ቢወርድ የሚስበው ኤሌክትሪክ ከ18 አምፔር ያልፋል፤ ያን ጊዜ ብሬከሩ እየወረደ ያስቸግራል፣ ወይም ሶኬቱ ይነዳል፣ የተቀጠለበትም ቦታ ዳግመኛ ይበጠሳል። ሽቦው ሙሉ በሙሉ መለወጥ አለበት።

ሸክላው ከላይ እስከ ታች ከተሰነጠቀ ግን በምንም ነገር አይድፈኑት። እርጥብ ሊጥ በስንጥቁ ሰርጎ ሽቦው ጋር ሲደርስ ምጣዱ ይነዝራል፤ ሰፌድ ይዞ የቆመውን ሰው ሊገድል ይችላል። ላሜራው ካልዛገ፣ እግሮቹ ከጸኑና አከንባሎው በደንብ ከገጠመ፣ ሸክላውንና ሽቦውን ብቻ አስለውጦ በዚያው ቀፎ መቀጠል ይቻላል።

ሙሉ በሙሉ መለወጥ የሚገባው ጄሶው ፈርሶ ሙቀቱ ወደ ታች ሲሸሽ፣ ላሜራው በዝገት ሲበሳ፣ ወይም የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ግማሽ ሲበልጥ ነው። ዋጋውን ሲያሰሉ ያሁኑን ብቻ ሳይሆን ባለፈው ዓመት ለዚያው ምጣድ ያወጡትንም ይደምሩ። አዲስ ቢገዙም አሮጌውን ቢያስጠግኑም፣ የመሬት ሽቦው (ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው) ከላሜራው ጋር መታሰሩን ዐይንዎ እያየ ያረጋግጡ።

ጥገናው ጄሶ የነካ ከሆነ ወስደው ወዲያው አይሰኩት፤ እርጥብ ጄሶ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ጥቂት ቀናት አየር በሚያገኝበት ቦታ ይደርቅ፣ ከዚያም በጎመን ዘር ያሟሹት።