ሳይካሳችሁ ሃይብሪድ ነው ወይስ ታሟል? ችግርና መፍትሄ

ሱሉልታም በሉት ሰበታም ለገጣፎም፣ ግቢው ውስጥ ሳይካስ (ዘንባባ የሚመስለው የጌጥ ተክል፣ ዘመዱ ኢንሴፋላርቶስም አብሮ በዚሁ ስም ይጠራል) ያለው ሰው ቅጠሉ ትንሽ ለየት ካለበት ወዲያው «ይሄማ ሃይብሪድ (ድቅል) ነው» ይላል፣ ችግኝ ሻጩም ዋጋ ስለሚጨምርለት አይከራከርም። እኔ እንደማየው ግን አብዛኛው ወይ ርቦታል፣ ወይ ጥላ በዝቶበታል፣ ወይ ሥሩ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ስለዚህ መጀመሪያ እነዚህን አጣሩ።

አዲሱ ቅጠል ተጨማዶና ቢጫ ሆኖ ወጣ

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፣ የተጠማዘዘ ቅጠል ሲያይ ኢንሴፋላርቶስ ሆሪደስ የሚባለው ዝርያ የተቀላቀለበት ይመስለዋል። የሆሪደስ ቅጠል ግን ቢጠማዘዝም ደረቅና ጠንካራ ነው፣ ይወጋል። የናንተው ልፍስፍስ ብሎ ጫፉ ከተቃጠለ የማንጋኒዝ (ተክሉ ከአፈር የሚወስደው ንጥረ ነገር) እጥረትን ጠርጥሩ። እኛ አካባቢ ደሞ ግንባታ አለ፤ አጥር ተሠርቶ ሲያልቅ የተረፈው ሲሚንቶና ኖራ እዛው ይቀበርና ከላዩ ትንሽ አፈር ተደርጎ ተክሉ እሱ ላይ ይተከላል፣ ከዛ ኖራው አፈሩን አልካላይን ስለሚያደርገው ማንጋኒዙ መሬት ውስጥ እያለ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ብርድና ጭቃም ያባብሰዋል። ቆፍራችሁ ፍርስራሹን አውጡ፣ ማንጋኒዝ ሰልፌት (ለትንሽ ተክል ወደ 30 ግራም) ዙሪያውን በትናችሁ አጠጡ። የተጨማደደው ቅጠል አይድንም፣ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብላችሁ እንዳትተዉት፣ የሚታየው በሚቀጥለው ቅጠል ነው። አዲሱ ደህና ሆኖ አሮጌው ብቻ ከጫፉ ቢጫ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የማግኒዥየም እጥረት ነው፣ ስማቸው ስለሚመሳሰል ስትገዙ እንዳትቀያይሩት።

«ብሉ» (ሰማያዊ) ተብሎ የተገዛው አረንጓዴ ሆነ

አውራ ጣታችሁን ቅጠሉ ላይ ሸርተት አርጉት። ሰማያዊው ተነስቶ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ቀለሙ ሰም ነው ማለት ነው፣ ሰም ደሞ በክረምት ዝናብና በእጅ ብዛት ይለቃል፣ ጥላ ውስጥ የወጣ ቅጠል ላይ ደሞ ከመጀመሪያውም ሳስቶ ነው የሚመጣው። ሙሉ ፀሐይ ስጡትና ቀጣዩን ቅጠል ጠብቁ። ከጥላ አውጥታችሁ አንዴ ፀሐይ ላይ ካስቀመጣችሁት ግን ይቃጠላል፣ ቀስ በቀስ ነው።

ቅጠሉ ረዘመ፣ ሳሳ

ይሄ የብርሃን እጥረት ነው፣ በቃ። ቅጠል እያወጣ እያለ በረንዳ ሥር ወይ ዛፍ ሥር ከነበረ እንደዛ ይሆናል፣ ዝርያውን አይነግራችሁም።

ግንዱ ሲጫኑት ስርጉድ ይላል

አስቸኳይ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ቅጠል ሲስቡት ዝም ብሎ ከወጣና እንደ ከረመ አተላ ከሸተተ መበስበስ ጀምሯል። ምክንያቱ ዋልካ አፈርና ክረምት ነው፣ ውሃው አይወርድም። ንቀሉት፣ የላላውን በሙሉ ነጭና ጠንካራ ሥጋ እስክታገኙ ድረስ በንጹህ ቢላ ቁረጡ፣ ማንኮዜብ (የፈንገስ መድኃኒት) ነስንሱበት፣ ጥላ ቦታ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ አንድ ሁለት ሳምንት ተዉት። መልሳችሁ ስትተክሉ ቀይ አሽ ይብዛ፣ የግንባታው ራሱ ይሆናል፣ ትንሽ ኮምፖስት ጨምሩበት፣ ከመሬት ከፍ ያለ መደብ ላይ ይሁን። ሱሉልታ በኩል ያላችሁ ኅዳርና ታኅሣሥ ማታ ማታ ጆንያ አልብሱት፣ ውርጭ አዲስ ቅጠል ላይ ጨካኝ ነው።

ሁሉም ደህና ነው፣ ግን አሁንም ምን እንደሆነ አይታወቅም

ቅጠሏን ፀሐይ ላይ ያዟት። መሃሏ ላይ አንድ ወፍራም ደም ሥር ብቻ ካለ ትክክለኛው ሳይካስ ነው፤ መሃለኛው ሳይኖር ብዙ ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ከሄዱ ኢንሴፋላርቶስ ሊሆን ይችላል። የሁለቱ ድቅል ነው የሚላችሁ ሰው ካለ አትግዙት፣ ቤተሰባቸው ራሱ ሌላ ነው፣ አንዱ 22 ክሮሞዞም አለው ሌላው 18። ኢንሴፋላርቶሶች እርስ በርስ ግን በቀላሉ ይዳቀላሉ፣ ብዙ ዝርያ ካለበት ግቢ የመጣ ዘር ስሙ ምንም ይሁን ጠርጥሩት። «ንጹህ ውዲ ነው፣ ከዘር ያበቀልኩት» ከተባላችሁማ ሳቁ፦ ኢንሴፋላርቶስ ውዲ በ1895 ደቡብ አፍሪካ ንጎዬ ጫካ የተገኘ ወንድ ነው፣ ሴት እስካሁን አልተገኘችለትም፣ ንጹሁ የሚባዛው ከጎኑ በሚያወጣው ቡቃያ ብቻ ነው። ከዘር የመጣው ቢበዛ ከናታሌንሲስ (ሌላ የኢንሴፋላርቶስ ዝርያ) ጋር የተዳቀለ ነው፣ እሱም ቢሆን አሪፍ ተክል ነው፣ ዋጋው ግን የውዲ አይደለም። ከአንድ ኮን (ዘሩን የሚይዘው ክፍል) የወጡ ድቅሎችም አይመሳሰሉም፣ ስለዚህ ችግኝ ላይ አትፍረዱ፣ ሙሉ ፀሐይ ላይ የወጣ ትልቅ ቅጠልና ኮን እስኪታይ ጠብቁ።

ዘሩ አልበቀለም

ሴቷ ሳትዳቀልም ዘር ታደርጋለች፣ ባዶውን ማለት ነው። ልጣችሁ ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ የሚንሳፈፈውን ጣሉ። የብዙ ኢንሴፋላርቶስ ፅንስ ኮኑ ከፈረሰ በኋላ ገና ወደ 6 ወር ይፈልጋል፣ አትቸኩሉ። ስትልጡ ጓንት አርጉ፣ ልጣጩንም ውሻ የማይደርስበት ጣሉት፣ መርዝ ነው። ራሳችሁ ካዳቀላችሁ ፖቱ ላይ እናቱን አስቀድማችሁ አባቱን አስከትላችሁ ጻፉ፣ በእርሳስ ይሁን፣ ማርከር ፀሐይና ዝናብ ይበላዋል።