ቀለሙ አያታልላችሁ፦ ሲሙሌሽን ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሲሙሌሽን ሶፍትዌር፣ ማለትም አንድ ዕቃ ኃይል ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን በኮምፒውተር የሚያሰላው፣ ስሌቱን ከጨረሰ ሥዕል ይሰጣችኋል። ያስገባችሁት ቁጥር ትክክል ይሁን ስህተት ግድ የለውም፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ እያደረገ አሳምሮ ያወጣዋል። በፋይናይት ኤለመንት (ዕቃውን ወደ ትናንሽ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ በሚያሰላው ዘዴ) ቴሲስ እየሠሩ ለፒኤችዲ የሚያስቡ ጎበዝ ልጆች በዚህ ሥዕል ተማምነው ሲሰናከሉ ማየት ያሳዝነኛል። አብዛኞቹ ስህተቶች ደግሞ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚታረሙ ናቸው።

መጀመሪያ ዩኒት። አባከስ የሚባለው የፋይናይት ኤለመንት ሶፍትዌር ዩኒት (መለኪያ) አያውቅም፣ የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው። ርዝመት በሚሊሜትር፣ ኃይል በኒውተን ከሰጣችሁ ስትረስ (በአንድ ስፋት ላይ የሚያርፈው ኃይል) በሜጋፓስካል ይመጣል፤ የብረት ኢላስቲክ ሞዱለስም (ግትርነቱ) 210000 ገደማ ይሆናል። እስከዚህ ብዙ ሰው አይሳሳትም። ጉዱ ዴንሲቲ (እፍጋት) ላይ ነው። በዚህ ዩኒት ክብደት የሚለካው በቶን ስለሆነ የብረት ዴንሲቲ 0.00000000785 ነው። በልማድ 7850 ብላችሁ ከጻፋችሁ የመሬት ስበት በሌለበት ስታቲክ ስሌት ላይ ምንም አይታይም፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል፤ ንዝረት ስታሰሉ ግን ፍሪኩዌንሲው ሚሊዮን ጊዜ አንሶ ይወጣል።

ሁለተኛው ስህተት በአንድ ሜሽ (ዕቃው ወደ ትናንሽ ኤለመንቶች በተከፋፈለበት መረብ) ሠርቶ መጨረስ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ነሐሴ 17 ቀን 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 1991) ኖርዌይ ውስጥ ስታቫንገር አጠገብ የስሌይፕነር ኤ የነዳጅና ጋዝ መድረክ የኮንክሪት መሠረት ለሙከራ ወደ ውኃ ዝቅ ሲደረግ አንዱ ግድግዳ ተሰነጠቀና ሙሉ በሙሉ ሰጠመ። ሰው አልሞተም፤ ኪሳራው ግን ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። ሲመረመር፣ ግድግዳዎቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሜሹ ሻካራ (ኤለመንቶቹ ትልልቅ) ስለነበር የሸር ስትረሱ (አንዱን ጎን በሌላው ላይ የሚያንሸራትተው) በ47 በመቶ አንሶ ተሰልቶ ተገኘ፤ በዚያ ላይ ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው የብረት አሠራር በቂ አልነበረም። በኋላ በጥንቃቄ የተደገመው ስሌት ግድግዳው 62 ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሚሰበር አሳየ። የተሰበረው 65 ሜትር ላይ ነው። ዘዴው ያው ፋይናይት ኤለመንት ነበር፣ የጎደለው ማጣራቱ ነው።

ስለዚህ ቢያንስ በሦስት ሜሽ ሥሩ፣ በየጊዜው የኤለመንቱን መጠን በግማሽ እየቀነሳችሁ፣ የምትፈልጉት ቁጥር መለወጡን ሲያቆም እዩ። አንድ ወጥመድ አለ። ወደ ውስጥ የገባ ሹል ማዕዘን ካለ ስትረሱ መቼም አይረጋም፤ ሜሹን ባደቀቃችሁ ቁጥር ይጨምራል፣ በቲዎሪውም እዚያ ነጥብ ላይ ወሰን የለውም። ያንን ቁጥር «ማክሲመም ስትረስ» ብሎ ቴሲስ ላይ መጻፍ ትርጉም የለውም። ማዕዘኑን እንደ እውነተኛው ዕቃ ክብ አድርጉት፣ ወይም ስትረሱን ራቅ ካለ ቦታ ውሰዱ።

ኤለመንት ስትመርጡም አትቸኩሉ። ሙሉ ኢንቴግሬሽን ያለው (በውስጡ በብዙ ነጥቦች የሚሰላ) ባለ 8 ኖድ (ባለ 8 መገናኛ ነጥብ) ኤለመንት ሲታጠፍ ከሚገባው በላይ ይጠነክራል። ኢንቴግሬሽኑ የተቀነሰለት ደግሞ ያለ አግባብ ሊልፈሰፈስ ስለሚችል በውፍረቱ ቢያንስ 4 ረድፍ ስጡት። ባለ 4 ኖድ ቴትራ (ባለ አራት ፊት ኤለመንት) ለስትረስ ስሌት ባትጠቀሙ እመርጣለሁ፤ ባለ 10 ኖዱ ይሻላል።

ከላብራቶሪ የመጣውን የመሳብ ሙከራ ዳታ እንዳለ ማስገባትም የተለመደ ነው። አባከስ ለፕላስቲሲቲ (ኃይሉ ሲለቀቅ ለማይመለስ የቅርጽ ለውጥ) የሚፈልገው እውነተኛውን ስትረስ ነው፣ ማለትም እየቀጠነ ባለው ናሙና ስፋት የሚሰላውን። ስትሬኑ (ናሙናው ከመጀመሪያ ርዝመቱ የረዘመበት መጠን) 20 በመቶ ሲደርስ ማሽኑ 500 ሜጋፓስካል ካሳየ፣ እውነተኛው 500 ሲባዛ በ1.2፣ ማለትም 600 ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው ናሙናው አንገት ማውጣት (አንድ ቦታ ላይ ብቻ መቅጠን) እስኪጀምር ድረስ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄ አጠያየቅ። «ሞዴሌ ኮንቨርጅ አላደርግ አለኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ» (ስሌቱ መልስ ላይ አልደርስ አለ ማለት ነው) ብሎ አንድ ፎቶ መለጠፍ ለማንም አይጠቅምም። መጨረሻ ላይ የሚመጣው «ቱ ሜኒ አተምፕትስ» (ሙከራው በዛ) የሚለው መልእክት ምክንያቱን አይነግራችሁም። ከእሱ በላይ ያሉትን ማስጠንቀቂያዎች አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ አካል ምንም ሳይያዝ ተንሳፍፎ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ኮንታክቱን (የአካላቱን መነካካት) አውጡት፣ ማቴሪያሉን ኢላስቲክ ብቻ አድርጉት፣ ይሠራል? አንድ አንድ እየመለሳችሁ የሚሰበርበትን ደረጃ ያዙ። ስትጠይቁ ዩኒቱን፣ ኤለመንቱን፣ ማቴሪያሉን፣ የት እንደያዛችሁትና ምን እንደሞከራችሁ ጻፉ። እንዲህ የጠየቀ ሰው መልስ አያጣም፤ እንዲያውም ግማሹ እየጻፈ ሳለ ራሱ ያገኘዋል።

የፒኤችዲ ቦታ ለመጠየቅ ለፕሮፌሰር በምትልኩት ኢሜይል ላይም ይኸው ነገር ይደገማል። ለሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ፣ ሲቪው ላይ «አባከስ፣ አንሲስ፣ ማትላብ»፣ አለቀ። ሶፍትዌር ማወቅ ብቻውን አይለያችሁም። ምን ችግር እንደፈታችሁና ውጤቱ ትክክል መሆኑን በምን እንዳረጋገጣችሁ በአምስት መስመር ንገሩት፤ ከእጅ ስሌት ወይም ከሙከራ ጋር የተነጻጸረ አንድ ግራፍ ከአሥር ባለቀለም ሥዕል ይበልጣል። ፈቃድ በሌለው ክራክ ሶፍትዌር የተሠራ ውጤት ለጆርናል መላክ ደግሞ ችግር መጥራት ነው። ካልኩሊክስ የሚባለው የፋይናይት ኤለመንት ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ የኢንፑት ፋይሉም ከአባከስ ጋር ይመሳሰላል።

የቆየ መረጃም አትመኑ። «ጀርመን ትምህርት ነፃ ነው» የሚለው ሁሉም ጋ አይሠራም። የኮምፒውቴሽናል መካኒክስ ማስተርስ ያለው የሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1500 ዩሮ ያስከፍላል፤ የሙኒክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲም ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማስከፈል ጀምሯል። ፒኤችዲ ግን እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ ያለው ሥራ ስለሆነ ስኮላርሺፕ ብቻ አትፈልጉ፣ የዩኒቨርሲቲዎቹን የሥራ ማስታወቂያ ተከታተሉ። የማሪ ኩሪ የዶክትሬት ኔትወርኮች (የአውሮፓ ኅብረት የሚደግፋቸው፣ በተለያዩ አገሮች የፒኤችዲ ቦታ ያላቸው ጥምረቶች) ዜግነት አይለዩም፤ ነገር ግን ከመቀጠራችሁ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ የምትቀጠሩበት አገር ከ12 ወር በላይ ከኖራችሁ ወይም ከሠራችሁ አይቀበሏችሁም። ጀርመን ሁለት ዓመት ማስተርስ ተምሮ አሁን የጨረሰ ልጅ ለጀርመኑ ቦታ ማመልከት አይችልም፣ በዚያው ኔትወርክ ውስጥ ላለው የኔዘርላንድ ወይም የስፔን ቦታ ግን ይችላል።